የወፎች እፍኝ

ጆሮ ካላችሁ ወዲህ አምጡ፤ ምላሱ ከእኔ አለ። ተጠጋጉ፣ ቦታ ልቀቁ፤ አንተ ከኋላ ያለኸውም መገፋፋትህን ተው። የማወራችሁ እንስሳት ዳቦ ጋግረው ይበሉ በነበረበት፣ ድንጋይም ሲከፋው "ከፋኝ" ይል በነበረበት ዘመን የሆነውን ነው።

በዚያ ዘመን፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቅ ሾላ ሥር፣ አንዲት ወፍጮ ነበረች። ዛሬ በሞተር እያጓራ ሰፈር የሚያደነቁረውን ወፍጮ አልሁ እንዳትሉኝ። ሰፊ ድንጋይ ናት። እህሉ እሷ ላይ ይደረጋል፤ መጅ የሚባለው ትንሹ ድንጋይ ደግሞ ከላይዋ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ ያደቅቀዋል። የሸለቆው እንስሳት ሁሉ የሚበሉት ከእሷ በወጣ ዱቄት ነበርና እትዬ ወፍጮ ብለው ያከብሯታል። መጁ ልጇ ነው። እሱን ግን ማንም አያከብረውም፤ ወሬኛ ነበር።

ወፍጮ ብዙ ሲፈጭ ፊቱ ይለሰልሳል። እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም። ያን ጊዜ ፊቱን ነጥብ በነጥብ እየመቱ ማሻከር ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ መውቀር ይባላል። በሸለቆው ሁሉ ወፍጮ መውቀር የሚያውቀው አንድ ብቻ ነበር። እሱም አያ ጃርት ነው። አያ ጃርት አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። "እኔ የሞትኩ ቀን ሁላችሁም ጥሬ ትቆረጥማላችሁ" እያለ ይቀልድባቸዋል። እነሱም ይስቃሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን አይስቁም።

ከወንዙ ወዲህ ደግሞ የተግባረ ዕድ ቤት ነበረ። መምህሩ የኔታ ጋጋኖ ናቸው፤ ረጅም እግር፣ ረጅም መንቁር፣ ረጅም ትምህርት። በመንቁራቸው አሸዋው ላይ እየሳሉ ምስጥን ግንብ፣ ሸረሪትን ሽመና፣ ከርከሮን ቦይ መቆፈር ያስተምራሉ። ከተማሪዎቻቸው መካከል አንዲት ግንደ ቆርቁር ነበረች፤ ስሟ ስንዱ ነው። የስንዱ ዘመዶች ሁሉ ግንድ ቆርቁረው ትል እያወጡ የሚኖሩ ናቸው። እሷ ግን መውቀር ካልተማርኩ ብላ ሙጭጭ አለች።

"ልጄ" አለቻት እናቷ፣ "ድንጋይ ውስጥ እኮ ትል የለም።"

"ትሉን እናንተ ብሉት። እኔ ሸለቆው ሁሉ እኔ በወቀርኩት ወፍጮ እንዲበላ እፈልጋለሁ።"

እናቷም ወደ ትሏ ተመለሰች።

የኔታ ጋጋኖም አሸዋው ላይ ወፍጮ ሳሉና መውቀርን በሦስት ቃል አስተማሯት። "አንደኛ፣ ፊቷን እዪ! ሁለተኛ፣ በተራ ምቺ! ሦስተኛ፣ ብናኙን እፍ በዪ!" ስንዱም በዜማ በቃሏ ያዘችው። አንደኛ እዪ፣ ሁለተኛ ምቺ፣ ሦስተኛ እፍ በዪ። በእንቅልፏ ሳይቀር ትለው ነበር ይላሉ።

ነገር ግን በዚያ አገር አንድ ወግ ነበረ። ማንም ተማሪ አሸዋ ላይ ተምሮ ብቻ ባለሙያ አይባልም። ሥራው ካለበት ቦታ ሄዶ፣ ከአንድ አዋቂ ሥር ሦስት ሳምንት ይለማመዳል። ከዚያ በአዝመራው ግብዣ ላይ አዋቂው ሸለቆው ሁሉ እየሰማ ተነሥቶ "እጁ እጄ ነው" ይላል። ሴት ብትሆን "እጇ እጄ ነው" ይላል። ወፍ ምን እጅ አላት ብላችሁ እንዳታስቁኝ፤ ወጉ እንዲህ ነው። ይህን ቃል ያገኘ ባለሙያ ሆነ። አዋቂው ዝም ካለ ግን ተማሪው ወደ አሸዋው ይመለሳል።

አያ ጃርት ደግሞ ይህን ቃል በዕድሜው ለማንም ብሎ አያውቅም። ሁለት ተማሪዎች ተልከውለት ሁለቱም እግሬ አውጪኝ ብለዋል። አሁንማ "አንድ የመጨረሻ ላኩልኝ፤ እሱም ካልሆነለት በሬን እዘጋለሁ" ብሎ ለየኔታ ልኮባቸዋል። የመጨረሻዋ እንግዲህ ስንዱ መሆኗ ነው።

ስንዱ ወንዙን ተሻግራ ሾላው ሥር አረፈች።

"ደህና ዋሉ፣ አያ ጃርት?"

"ማነሽ?"

"ስንዱ ነኝ። ለልምምድ ተልኬ ነው።"

"ከአሸዋው ቤት?"

"አዎን።"

"ምን ታውቂያለሽ?"

ስንዱ ደረቷን ነፍታ በዜማ አወረደችለት። አያ ጃርት እሾሁ እስኪንቀጫቀጭ ሳቀ።

"ለመሆኑ አሸዋ ሲመቱት ይጮኻል?"

"አይጮኽም።"

"ድንጋይ ይጮኻል። ቁጭ በዪና ስሚ።"

አንደኛውን ሳምንት ስንዱ ቁጭ ብላ ሰማች። እመት ዝንጀሮ፣ የሸለቆው ፈጪ፣ ቀኑን ሙሉ ትፈጫለች፤ ስንዱ ትሰማለች። ሆድ ባሳት። "መንቁሬን ስዬ መጥቼ ጆሮ ብቻ ልሁን?" አለች በልቧ። መጁም አላረፈላት፤ "ይቺ ወፍ ተኝታለች ወይስ ሞታለች?" እያለ ይነዘንዛታል።

ከሾላው ጥላ የማይጠፋ ሌላም ነበር፤ የሸለቆው ሽማግሌ አያ ጅቦ። አያ ጅቦ የፊት ጥርሱ አንዱ የለም። አዲስ እንግዳ ባየ ቁጥር ስለዚያ ጥርስ ሳያወራ አይውልም። "ይህ ጥርስ" አላት ስንዱን፣ "ከአንበሳ ጋር ስተናነቅ የወለቀ ነው። አንበሳው ሸሸ፣ ጥርሴ ቀረ።" አያ ጃርት ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ስንዱ "ወሬው ሰልችቶት ይሆናል" ብላ አለፈችው።

በስድስተኛው ቀን ድንገት ብድግ አለች። "አያ ጃርት! መጁ መሃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል! ዳር ላይ ክርር ይላል፣ መሃል ላይ ሽሽ ይላል!"

"እሰይ!" አለች እትዬ ወፍጮ ከሥር። "መሃሌ ከለሰለሰ ሰንብቷል። እስካሁን የሰማኝ ይህ ሽማግሌ ብቻ ነበር።"

አያ ጃርትም በማግስቱ መጁን አንሥቶ ፊቷ አስቀመጠው። "ከትንሹ ጀምሪ" አላት።

ሁለተኛው ሳምንት ገባ። ስንዱ የኔታ አሸዋው ላይ እንደሳሉት መጁን በቀጥታ መስመር፣ በተራ፣ በኃይል መታችው። ጠ! ጠ! ጠ! መጁ "ኧረ በገላጋይ!" ይላል፤ እሷ አትሰማም። መስመሩ ሲያዩት ያምር ነበር። እመት ዝንጀሮ ስትፈጭበት ግን ዱቄቱ ክርትፍ ሆኖ ወጣ፤ ለበግ እንኳ የሚሆን አልነበረም።

አያ ጅቦም በዚያው ቀን ለመንገደኛ ቀበሮ ሲያወራ "ከሁለት አንበሳ ጋር ስተናነቅ" ሲል ሰሙት።

ስንዱ ቅስሟ ተሰብሮ ቅርንጫፍ ላይ ኩርምት አለች። አያ ጃርት መጣና ከሥር ቆመ።

"የመታሽው የትኛውን ድንጋይ ነው?"

"ይህንን ነዋ።"

"አይደለም። የኔታ የሳሉትን ድንጋይ ነው። ይህ ግን ይህ ነው። አንዱ ጎኑ ጠንካራ፣ አንዱ ጎኑ ልል። ጠይቂው እንጂ! አፍ አለው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ አለው።"

ስንዱ ወረደች። "እዚህ ልምታህ?"

"ቀስ ብለሽ" አለ መጁ።

"እዚህስ?"

"እዚያ እንደ ልብሽ። ወደ ግራ ደግሞ መላጣ ሆኛለሁ።"

እንዲህ እየጠየቀች ሳምንቱን ጨረሰች። ዱቄቱ እንደ አቧራ ቦነነ። እመት ዝንጀሮ እልል አለች። አያ ጃርትም ዱቄቱን በጣቱ አሻሸና "ምንም አይልም" አለ። ይህ ሰውዬ፣ ይቅርታ ይህ ጃርት፣ ምንም አይልም ካለ ሌላው ግጥም ገጠመ ማለት ነው። ስንዱ ያን ቀን ወደ ጎጆዋ ስትበር ክንፏ የራሷ አልመስል አላት።

ሦስተኛው ሳምንት ገባ፤ ሲጋመስም የአዝመራው ግብዣ ሦስት ቀን ቀረው። በዚህ መካከል አያ ጃርትን እግሩን እሾህ ወጋው። ሳቁ፤ እኔም ስቄአለሁ። ጃርት በእሾህ ተወጋ! እግሩ አብጦ ከጉድጓዱ መውጣት ቢያቅተው ስንዱን አስጠራት።

"የግብዣው ዱቄት ሁሉ የሚፈጨው በእትዬ ወፍጮ ላይ ነው። እሷም ዶልዱማለች። ብቻሽን ትወቅሪያታለሽ።"

"ብቻዬን?"

"ብቻሽን። አሁን ጆሮም መንቁርም አለሽ።" ከዚያ አንድ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው።

"የቀረ ነገር አለ፣ አያ ጃርት?"

"የለም" አለና መሬት መሬት አየ። "የለም። ሂጂ።"

ስንዱ ሄደች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እትዬ ወፍጮን እየጠየቀች፣ እያዳመጠች፣ ነጥብ በነጥብ ወቀረቻት። አንደኛ አየች፣ ሁለተኛ መታች፣ ሦስተኛ ብናኙን እፍ አለች። ሲያበቃ እመት ዝንጀሮ አንድ እፍኝ ስንዴ ፈጨችላት። ስንዱ ቀመሰችው፤ ላሰችው፣ ዋጠችው። ለስላሳ ነው። "በቃ" አለች፣ "ይህ የእኔ ሥራ ነው!" ድምጿ ውስጥ የነበረውን ኩራት ብትሰሙት እናንተም ትኮሩ ነበር።

እመት ዝንጀሮ ሁለት ቀን ፈጨች፣ ነፋች፣ አቦካች፤ ድፎው ተጋገረ። የግብዣው ቀን ጠዋት ስንዱ ድንጋዮቹን ልትጠርግ መጣች። ከሜዳው ወዲያ ከበሮው ይሰማል። በጭራሮ መጁን ጠረግ ጠረግ ስታደርገው "እንጥስ!" አለ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"እናቴ ከተወቀረችበት ቀን ጀምሮ ፊቴን ይበላኛል። አሸዋ ነው። ሽማግሌው እኮ አዲስ ከወቀረ በኋላ መጀመሪያ ማንም ሳያየው ራሱ እፍኝ እህል ይፈጫል፣ ደግሞ እፍኝ፣ ደግሞ እፍኝ። ሦስቱንም እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ይጥለዋል። በመውቀር የላላው ደቃቅ ድንጋይ እፍ ቢሉት አይወጣም፤ በመፍጨት ነው የሚወጣው።"

"አንተ ልጅ!" ብላ ጮኸች እትዬ ወፍጮ። "ለማንም አንናገርም ብለን ምለንለት አልነበረም?"

"እኔ ብምልም ማስነጠሴ አልማለም!"

ስንዱ ጭራሮውን ጣለች። "እኔ ግን ቀምሼው ነበር... ለስላሳ ነበር..." አለች። እመት ዝንጀሮ ወንፊቷን ልትወስድ በዚያ ስታልፍ አስቆመቻት። "እመት ዝንጀሮ፣ እባክሽ፣ ከድፎው ፍርፋሪ ይዘሻል? ያዢና አኝኪው።"

እመት ዝንጀሮ አኘከች። ኮሽ! አለ። ጉንጯን ያዘች። "አሸዋ ነው! እኔ እኮ ነፍቼዋለሁ!"

"እንደ ዱቄቱ የደቀቀ ነው፤ ወንፊት አይዘውም።"

ሁለቱም ተያዩ። እመት ዝንጀሮ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስሚኝ፣ ልጄ። ዛሬ አያ ጃርት ቃሉን ሊልልሽ ነው። አንዳንዱ ኮሽ ይልበታል፣ አንዳንዱ አይልበትም። ማን ያውቃል ከወፍጮው ነው ብሎ? አፍሽን ያዢ። ከተናገርሽ አሸዋው ላይ ተመልሰሽ ልትጫሪ ነው። ከአንቺ በኋላ የሚመጣም ተማሪ የለም፤ በሩ ተዘጋ።"

እውነቷን ነበር። ስንዱም እውነቷን እንደሆነ አውቃለች። ለአንድ አፍታ፣ አልዋሻችሁም፣ ዝም ልትል አሰበች። ከዚያ ግን ይህን ዳቦ የሚበሉት ሁሉ በዓይኗ መጡባት፤ አሮጊቷ ፍየል፣ ጥርሳቸው ገና ያልጠና ግልገሎች። "እኔ ወቅሬ የእነሱ ጥርስ ሊሰበር ነው?" አለች። በረረች።

ከሜዳው ስትደርስ ሸለቆው ሁሉ ተሰብስቧል። የኔታ ጋጋኖ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። እናቷ ከዘመድ አዝማድ ጋር ዛፍ ላይ ሰፍራለች። አያ ጃርት እያነከሰ መጥቶ አያ ጅቦ አጠገብ ተቀምጧል። አያ ጅቦም ድፎውን ሊባርክ ቆሞ፣ በዚያው ወሬውን ይዟል። "ይህ ጥርስ ከሦስት አንበሳ ጋር ስተናነቅ..." ብሎ አንድ ትልቅ ቁራሽ ወደ አፉ ሰደደ።

"አያ ጅቦ፣ እንዳይበሉ!"

ስንዱ ድፎው ላይ ዱብ አለች። ከበሮው ቆመ።

"ዳቦው ውስጥ አሸዋ አለ። ወፍጮዋን የወቀርኳት እኔ ነኝ። እመት ዝንጀሮ ጥፋት የለባትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥርስ ያለው ሁሉ ከዚህ እንዳይቀምስ!"

ሜዳው ተንጫጫ። "የአሸዋው ቤት ልጅ አሸዋ አበላችን!" ያለ ነበር። የኔታ ጋጋኖ ወደ ፊት ራመድ አሉ።

"ስንዱ፣ ፊቷን አይተሻል?"

"አይቻለሁ፣ የኔታ።"

"በተራ መትተሻል?"

"መትቻለሁ።"

"ብናኙን እፍ ብለሻል?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

"የኔታ" አለች ስንዱ፣ "ቀምሼዋለሁ፤ ግን ጥርስ የለኝም። እኔ እውጣለሁ እንጂ አላኝክም። እርስዎም ጥርስ የለዎትም። ስለ አሸዋው ያልነገሩኝ ለዚህ ነው። ሁለታችንም የሚያኝከውን ሳንጠይቅ ቀረን።"

የኔታ ጋጋኖ መንቁራቸውን ዳሰሱ። ብዙ ዘመን አስተምረዋል፤ ይህ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሏቸው አያውቅም ነበር።

ሁሉም ወደ አያ ጃርት ዞረ። እሱም በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣ። ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች።

"ቃሉን ከማለቴ በፊት" አለ አያ ጃርት፣ "የማውቀውን ልናገር። ጎልማሳ ሳለሁ እንደሷ ብቻዬን ወፍጮ ወቀርኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እፍኞች ሳልጥል ዱቄቱን ሰጠሁ። ከዚያ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ የአንድ ጎረምሳ ጥርስ ሰበረ። እኔ አወቅሁ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳያየኝ ሦስቱን እፍኝ እጥላለሁ። ድንጋዮቹንም አስምያቸዋለሁ። ይህችን ልጅ ሁሉን ሳስተምራት ይህን ብቻ ደበቅኋት፤ ለምን ብላ ብትጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ዛሬ ያጠፋችው የእኔን ጥፋት ነው።" ወደ ጎኑ ዞረ። "አያ ጅቦ፣ ጥርስህን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

አያ ጅቦ የያዘውን ቁራሽ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"አጥንት የምሰብር ጅብ" አለ በመጨረሻ፣ "በዳቦ ጥርሴ ረገፈ ብዬ ለማን ልናገር ነበር?"

"ታዲያ አንበሶቹስ?" አለች አንዲት ጥንቸል።

"አንበሶቹ..." አለ አያ ጅቦ፣ "አንበሶቹ በኋላ ነው የመጡት።" መጀመሪያ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ሸለቆው ሁሉ ሳቀ። ሲስቅ የጎደለው ጥርሱ ታየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላፈረበትም።

አያ ጃርት ምርኩዙን መሬት መታ። "ወጉ እጇ እጄ ነው በል ይለኛል። አልልም።"

ስንዱ ወደ አሸዋው ልትመለስ ክንፏን ዘረጋች።

"እኔ ዕድሜዬን የደበቅሁትን እሷ አንድ ጠዋት መደበቅ አልቻለችም። ስለዚህ ወጉን ገልብጬዋለሁ። ሸለቆው ይስማ፤ ከዛሬ ጀምሮ እጄ እጇ ነው!"

ዛፉ ላይ እናቷ ክንፏን እያማታች ጮኸች። "የእኔ ልጅ ናት! ትል የለበትም ያልኳት እኔ ነኝ! የእኔ ልጅ ናት!" ስንዱ እያለቀሰች ደረቷን ነፋች። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማድረግ ለወፍ ቀላል አይደለም።

ድፎው ግን እንደተደረደረ ነው። ይህን ጊዜ ቆቅ ከልጆቿ ጋር ከሣሩ ወጣች። "እንግዲህ ማንም የማይበላው ከሆነ ለእኛ ስጡን" አለች። "እኛ ጥርስ የለንም፤ እህሉን ሆዳችን ውስጥ የምንፈጨው በአሸዋ ነው። ቀኑን ሙሉ ስንጭር የምንፈልገውን እናንተ ጋግራችሁት አላችሁ!" በዚያ ቀን ጥርስ ያለው ሁሉ ንፍሮ በላ፤ ጥርስ የሌለው ሁሉ ድፎ በላ። የኔታ ጋጋኖም ሁለት ቁራሽ በሉ።

በሳምንቱ የኔታ ተማሪዎቻቸውን ሁሉ አስከትለው ወንዙን ተሻገሩና ሾላው ሥር ቁጭ ብለው ሰሙ። መጁ "እኚህ ደግሞ ተኝተዋል ወይስ ሞተዋል?" አለ፤ እናቱ ቆጣችው። የኔታም ተመልሰው አሸዋው ላይ አራተኛ ቃል ጨመሩ፤ "የሚበላውን ጠይቂ!"

ስንዱም የሸለቆው ወቃሪ ሆነች፤ ቀጥሎ የሰባት ሸለቆ። ተማሪ ሲላክላት ገና ሳትወቅር፣ ገና ሳታስቀምጠው "መጀመሪያ እኔ ምን እንዳጠፋሁ ልንገርህ" ትለዋለች። በዚያ አገርም ወፍጮ አዲስ ሲወቀር የመጀመሪያው ሦስት እፍኝ ለወፎች ይበተናል፤ በግልጽ፣ ቀን በቀን፣ ሁሉ እያየ። ስሙም የወፎች እፍኝ ነው።

አዋቂ የደበቀው ጥፋት በተማሪው እጅ እንደገና ይወለዳል፤ የተናገረው ግን እዚያው ይቀበራል። ሙያ ያላችሁ፣ ስታስተምሩ ሁሉንም አስተምሩ።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ለድካሜ ዳቦ የምትቆርሱልኝ ከሆነ እቀበላለሁ፤ ግን መጀመሪያ ወፍጮው መቼ እንደተወቀረ ንገሩኝ።